ስንዴው ለዋግ የሚሰጠውን መልስ ማሳ ላይ ማንበብ፦ ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ ርጭት ውሳኔ

ስንዴ ማሳ ውስጥ ገብቶ «ዋግ አለ» ወይም «ዋግ የለም» ብሎ መውጣት ብዙ አይጠቅምም። በመኸር ወቅት ዋግ በአርሲም፣ በባሌም፣ በሸዋም፣ በጎጃምም በነፋስ ይዞራል፤ ስፖር (ፈንገሱ የሚራባበት ደቃቅ ዱቄት) ያላረፈበት ማሳ ማግኘት ይቸግራል። ማሳን ከማሳ የሚለየው ስንዴው ለመጣበት ፈንገስ የሰጠው መልስ ነው። አንዱ ማሳ ላይ ቅጠሉ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ አሳይቶ ዋጉን እዚያው ያስቀረዋል። አጠገቡ ያለው ግን በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ዱቄት ይለብሳል። ይህን መልስ ማንበብ የቻለ ሰው መቼ መርጨት እንዳለበት፣ መቼ ገንዘቡን መቆጠብ እንዳለበት፣ የትኛውን ዝርያ ለከርሞ መተው እንዳለበት ያውቃል። መመሪያው ለልማት ሠራተኞች፣ ለዘር አባዢ ማኅበራት እና ማሳቸውን ራሳቸው ለሚከታተሉ ገበሬዎች የተዘጋጀ ነው።

ቅጠሉ ውስጥ የሚሆነው

ሥራው የሚጀምረው ከማሳ ቢሆንም፣ ቅጠሉ ውስጥ የሚሆነውን ሳያውቁ የሚያዩትን ምልክት መተርጎም አይቻልም።

ስፖሩ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ለመብቀል ውሃ ይፈልጋል። ጤዛ ወይም ዝናብ ያረጠበው ቅጠል ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሳይደርቅ ከቆየ ስፖሩ ቀጭን ክር ያወጣል። ክሩ ቅጠሉ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ፈልጎ ይገባና ውስጥ ካሉት ሕያው ሕዋሶች ግድግዳውን ሰርስሮ መምጠጫ ይተክላል። ዋግ መመገብ የሚችለው ከሕያው ሕዋስ ብቻ ነው፤ የሞተ ሕዋስ አያኖረውም። የስንዴው ዋና መከላከያ ያነጣጠረው በዚህ ድክመት ላይ ነው።

የመጀመሪያው መከላከያ የሚነሳው ስንዴው የፈንገሱ ግድግዳ የተሠራበትን ካይቲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲለይ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን የመሳሰሉ ጠንካራ ኬሚካሎች ያመነጫል፤ የተነካውን የሕዋስ ግድግዳም ካሎስ በሚባል ነገር ያወፍራል። ፈንገሱ በበኩሉ ይህን ማንቂያ የሚያጠፉ ኢፌክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ይልካል። ከተሳካለት ስንዴው በሽታውን ሳያውቀው ይመግበዋል።

ሁለተኛው መከላከያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስንዴው አንዱን ኢፌክተር የሚለይ የመከላከያ ጂን ካለው የተወረረው ሕዋስ ራሱን ይገድላል፤ መምጠጫውን የተከለው ፈንገስም አብሮ ይራባል። በሳሊሲሊክ አሲድ የሚተላለፍ መልእክት አካባቢው ያሉትን ሕዋሶች ያዘጋጃል። በዓይን የሚታየው ውጤት ቅጠሉ ላይ የቀረች ትንሽ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጥብ ናት። ፍሎር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ በተልባና በተልባ ዋግ ላይ ሠርቶ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ለተክሉ ለእያንዳንዱ የመከላከያ ጂን በፈንገሱ በኩል ተዛማጅ ጂን አለ። ስለዚህም ፈንገሱ ያንን አንድ ጂን ከለወጠ መከላከያው በአንድ ወቅት ሊፈርስ ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት ዝግተኛ ነው። የጎልማሳ ተክል መከላከያ ይባላል፤ ቡቃያ ላይ አይታይም ወይም ደካማ ነው፣ ግንድ ካወጣ በኋላ ይጠነክራል። ዋጉን አያስቀረውም፣ ያዘገየዋል፤ ብጉሩ ያንሳል፣ የሚያወጣው ስፖር ይቀንሳል፣ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ኤልአር 34 የሚባለው ጂን የዚህ ዓይነት ነው። የቅጠል ዋግንም፣ ቢጫ ዋግንም፣ የግንድ ዋግንም በከፊል ይገታል፤ ረጅም ዘመን ሲያገለግልም አልፈረሰም። እኔ ዘር የሚመርጥን ሰው የምመክረው ለእንዲህ ያለው መከላከያ ቅድሚያ እንዲሰጥ ነው። ፍጹም ንጹሕ ሆኖ የሚታይ ማሳ ዓይን ይስባል፤ ንጽሕናው በአንድ ጂን ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ግን አደጋው ትልቅ ነው።

ይዘው የሚሄዱት

አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ነጭ ሶፍት፣ ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በጤዛ ይጠፋል)፣ መቀስ፣ የወረቀት ፖስታ እና ስልክ ይበቃሉ። ፕላስቲክ ከረጢት ለናሙና አይያዙ፤ ቅጠሉ ያልብና ሻጋታ ዋጉን ይበላዋል። በአንድ ቀን ብዙ ማሳ የሚያዩ ከሆነ ንጹሕ ከሚመስለው ጀምረው በተጠቃው ይጨርሱ፤ ልብስዎንም ማታ ይጠቡ። ስፖር በልብስ ይጓዛል፤ ቢጫ ዋግ እ.ኤ.አ. በ1979 አውስትራሊያ የደረሰው በተጓዥ ልብስ ላይ እንደሆነ ይታመናል።

አንደኛ፦ ጊዜውን መያዝ

ዝናብ ጠባቂ ስንዴ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ከተዘራ ክትትሉ ከማቆጥቆጥ ይጀምርና እሸቱ እስኪጠነክር ይቀጥላል። በየሰባት ቀኑ ይግቡ። ሰባት ቀን የተመረጠው በምክንያት ነው፦ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ በሞቃት አየር ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ አዲስ ብጉር ያወጣሉ፤ ቢጫ ዋግ በቀዝቃዛ አየር ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚታይ ማሳ ላይ አንድ ሙሉ ትውልድ ሊያልፍዎት ይችላል።

ቢጫ ዋግ ቅዝቃዜ ወዳድ ነው፤ ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ በሚሆንበት ደጋ ቀድሞ ይወጣል። የግንድ ዋግ ሙቀት ይፈልጋል፤ በወይና ደጋው፣ በተለይም ከመስከረም ወዲህ ሙቀቱ ሲጨምርና ጤዛው ሳይቋረጥ፣ በፍጥነት ይነሳል። ማሳው ዳር ሳይዘራ የበቀለ ስንዴ ካለ መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ። የበጋ መስኖ ስንዴ በሚለማበት አካባቢም እንዲሁ፤ ዋግ ከመኸር እስከ መኸር የሚሻገረው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስንዴ ሲያገኝ ነው።

ሁለተኛ፦ አካሄድ

ከማሳው ዳር አምስትና አሥር እርምጃ ገባ ብለው ይጀምሩ፤ ዳሩ ሁልጊዜ ከመሀሉ ይለያል። በዜድ ቅርጽ እየተጓዙ አምስት ቦታ ይቁሙ። በእያንዳንዱ ቦታ ሳይመርጡ አሥር ግንድ ይያዙ፤ በአጠቃላይ ሃምሳ ግንድ ይሆናል። ዓይን ወደ ታመመው ይሳባልና፣ ሳያዩ እጅ ዘርግተው የነካዎትን ግንድ መያዝ ይሻላል።

በእያንዳንዱ ግንድ ላይ ከታች ወደ ላይ ይሂዱ። የታችኛው ቅጠል ዋጉ መቼ እንደገባ ይነግራል፤ ከዛላው ሥር ያለው የመጨረሻው ቅጠል ደግሞ ምርቱ ምን ያህል እንደተነካ ያሳያል፤ ፍሬውን ከሚሞሉት ዋነኞቹ ምንጮች አንዱ እሱ ነውና። ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውንም ይዩ። ግንዱንና ግንዱን የከበበውን ሽፋን በጣት ይዳብሱ።

ለቢጫ ዋግ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ማሳው ውስጥ እኩል አይበተንም፤ መጀመሪያ የሰው ቁመት በማትሞላ ክብ ቦታ ላይ ይጀምርና ከዚያ ይሰፋል። ከፍ ካለ ቦታ ቆመው ማሳውን ይቃኙ፤ ቢጫ ያለ ክብ ካዩ አምስቱ ቦታ ውስጥ ባይገባም ሄደው ይመልከቱት፤ ለብቻው ይመዝግቡት።

ሦስተኛ፦ የትኛው ዋግ ነው

ሶፍቱን ቅጠሉ ላይ ቀስ ብለው ያሻሹ። ቀለም ካልያዘ በሽታው ዋግ ላይሆን ይችላል።

የግንድ ዋግ የጡብ ቀለም ያለው ረዘም ያለ ብጉር ነው። ግንድ ላይ፣ ሽፋኑ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ በሁለቱም በኩል ይወጣል። የሚለየው ቆዳውን መቅደዱ ነው፤ የተቀደደው ጠርዝ በጣት ይሻክራል። በመጨረሻ ብጉሩ ጥቁር ይሆናል። የቅጠል ዋግ ክብ፣ ብርቱካናማ ቡናማና የተበታተነ ነው፤ ይበልጥ በቅጠሉ ፊት ላይ ይወጣል፣ አይሻክርም። ቢጫ ዋግ ደቃቅ ቢጫ ብጉር ነው፤ በአደገ ቅጠል ላይ በቅጠሉ ሥሮች መካከል በመስመር ይሰለፋል፤ ዛላው ውስጥ በገለባው በኩልም ይገባል። ቡቃያ ላይ ግን መስመር ስለማይሠራ ብዙ ሰው የቅጠል ዋግ ብሎ ይሳሳታል፤ እዚያ ቀለሙን ይመኑ።

ከዋግ ጋር የሚምታቱ ሦስት ናቸው። የናይትሮጂን እጥረት ከታች ቅጠል ጫፍ ጀምሮ በእኩልነት ያገረጣል። ሴፕቶሪያ የደረቀ ቡናማ ቦታ ይሠራል፤ በማጉያ ሲታይ ውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉት፣ ሶፍት ላይም ዱቄት አይተውም። ክሽክሽ ያጠቃው ቅጠል ይጠቀለላል፣ ይጣበቃል፤ ጀርባውን ቢገልጡ ነፍሳቱ ራሳቸው አሉ።

አራተኛ፦ መልሱን ማንበብ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። ማጉያውን ይዘው ብጉሩን ብቻ ሳይሆን ብጉሩን የከበበውን ቅጠል ይመልከቱ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ቅጠሉ ተዋግቷል ወይስ አስተናግዷል?

አር የሚባለው፣ ማለትም ተቋቋሚ፣ ብጉር የለውም ወይም እጅግ ደቃቅ ነው፤ ዙሪያው የሞተና የደረቀ ሕዋስ ነው። በቢጫ ዋግ ላይ ይህ ያለ ዱቄት የደረቀ ረጅም መስመር ሆኖ ይታያል። መስመሩን አይተው እንዳይደነግጡ፤ ስንዴው ያሸነፈበት ቦታ ነው። ሶፍት ላይ ምንም አይወጣም።

ኤምአር፣ መካከለኛ ተቋቋሚ፣ ትንሽ ብጉር አለው፤ ዙሪያው ቢጫ ወይም የሞተ ነው። ጥቂት ዱቄት ይወጣል። ኤምኤስ፣ መካከለኛ ተጋላጭ፣ መካከለኛ ብጉር ነው፤ ዙሪያው ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ የሞተ ሕዋስ ግን የለውም። ኤስ፣ ተጋላጭ፣ ትልቅ ብጉር ነው፤ ዙሪያው አረንጓዴ ነው፣ ዱቄቱ ይረግፋል። አንድ ግንድ ላይ ሁሉም ዓይነት ተቀላቅሎ ከታየ ኤም ተብሎ ይጻፋል።

አስቸጋሪው ኤምአርን ከኤምኤስ መለየት ነው፤ የውሳኔው ድንበርም እዚያው ነው። ሲጠራጠሩ በዕድሜ ያረጀውን ቅጠል ይተዉ፤ ቅጠል ሲያረጅ በራሱ ይደርቃል፣ የደረቀውን የመከላከያ ምልክት ያስመስለዋል። ገና አረንጓዴ የሆነ ቅጠል ላይ ያለውን ትኩስ ብጉር ይምረጡና ሞቶ የደረቀ ጠርዝ እንዳለው ይፈትሹ። ጠርዝ ካለ ኤምአር፣ ከሌለ ኤምኤስ ነው።

ሙቀትም ያሳስታል። አንዳንድ ጂኖች የሚሠሩት በተወሰነ ሙቀት ውስጥ ነው። ኤስአር 6 በ20 ዲግሪ ገደማ የግንድ ዋግን ይገታል፤ ሙቀቱ ከ25 ሲያልፍ ይደክማል። በቢጫ ዋግ ላይ ተቃራኒው አለ፤ ሙቀት ሲጨምር የሚነሳ የጎልማሳ መከላከያ አለ። ነሐሴ ላይ ኤምኤስ ያሉት ማሳ መስከረም መጨረሻ ላይ ኤምአር ቢሆን ደብተርዎ አልተሳሳተም። ስለዚህ ከቀኑ ጋር የሰሞኑን አየር ሁኔታ አብረው ይጻፉ።

ዋግ ያልሆኑ ሁለት ምልክቶች እጅግ በሽታ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የመጨረሻው ቅጠል ጫፍ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከዛላ መውጣት በኋላ መድረቁ ነው። ኤልአር 34 ያላቸው ዝርያዎች ላይ ይታያል። ሁለተኛው ኤስአር 2 የሚባለው የግንድ ዋግ መከላከያ ያላቸው ዝርያዎች ዛላውና ከአንጓው ሥር ያለው ግንድ መጥቆሩ ነው። ሁለቱም መከላከያው ሲሠራ አብረው የሚመጡ ናቸው፤ ሶፍት ሲታሽ ንጹሕ ይሆናል። እነዚህን እንደ በሽታ ቆጥሮ ከዘር ብዜት ማሳ ላይ የሚነቅል ሰው የሚነቅለው የተሻለውን ስንዴ ነው።

አምስተኛ፦ መጠኑን መገመት

ለመጠን የሚያገለግለው የተሻሻለው የኮብ መለኪያ ነው። ከ0 እስከ 100 ይሄዳል፤ 100 ማለት ግን ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ ማለት አይደለም። ብጉር ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው ስፋት 37 በመቶ ገደማ እንደሆነ ተቆጥሮ እሱ 100 ተብሏል። ይህን ያላወቀ ሰው ከባድ ማሳን «30» ብሎ ይጽፋል፤ አጠገቡ ያለው ባለሙያ 80 ይለዋል። መለኪያው የተሳለበትን ሥዕል ስልክዎ ላይ ይያዙና ቅጠሉን ጎን ለጎን ያስተያዩ።

መጠኑንና መልሱን አንድ ላይ ይጻፉ፦ 40ኤምኤስ፣ 20ኤምአር፣ 60ኤስ። መጠን ያለ መልስ ዋጋ የለውም። ሁለቱን ወደ አንድ ቁጥር ለመቀየር መጠኑን በመልሱ ክብደት ያባዙ፤ አር 0.2፣ ኤምአር 0.4፣ ኤም 0.6፣ ኤምኤስ 0.8፣ ኤስ 1.0 ነው። ስለዚህ 40ኤምአር 16 ይሆናል፣ 40ኤስ ደግሞ 40። ቅጠሉ ላይ ያለው የብጉር መጠን እኩል ነው፤ ለነገ የሚተርፈው አደጋ ግን በብዙ ይለያያል። የአምስቱን ቦታ ውጤት ደምረው ለአምስት ያካፍሉ። ቁጥሩ በሳምንት ውስጥ ከ5 ወደ 15 ከዘለለ ዋጉ እየሮጠ ነው፤ ከ12 ወደ 15 ከሆነ ስንዴው እየያዘው ነው።

ስድስተኛ፦ ውሳኔው

መልሱ አር ከሆነ አይርጩ፤ በየሳምንቱ ማየቱን ግን አያቋርጡ።

ኤምአር ከሆነና ቁጥሩ በዝግታ ካደገ መጠበቅ ይቻላል። ዛላ ሳይወጣ ወደ ላይኞቹ ሁለት ቅጠሎች ከወጣ ግን አንድ ርጭት ያስፈልገዋል።

ኤምኤስ ወይም ኤስ ከሆነና ስንዴው እሸት ያልያዘ ከሆነ መጠኑ 5 ሳይሞላ ይርጩ። በቢጫ ዋግ የሚታወቅ ተጋላጭ ዝርያ የዘራ ሰው በአካባቢው መነሳቱን ከሰማ የመጀመሪያውን ክብ እንዳየ ይርጭ፤ ክቡ በታየበት ቀን በዓይን የማይታይ አዲስ ትውልድ ቅጠል ውስጥ አለና። ፍሬው ከጠነከረ በኋላ የሚደረግ ርጭት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የመድኃኒት ቅሪትም እህሉ ላይ ይተዋል።

የግንድ ዋግ ዘግይቶ ሲመጣ እንዳያዘናጋዎት። ውሃና ምግብ የሚያልፍበትን ግንድ ስለሚቀድ ወተት ሲይዝ ጤነኛ የነበረ ማሳ አጨዳ ሲደርስ የተጨማደደ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል፣ ግንዱም ይሰበራል።

ሰባተኛ፦ ርጭቱ

ፕሮፒኮናዞል በሊትር 250 ግራም የያዘው መድኃኒት (ቲልት 250 ኢሲ የዚህ ዓይነት ነው) ለሄክታር ግማሽ ሊትር ይበቃል። ሬክስ ዱኦም በዚሁ መጠን ይሠራበታል። ሌላ ከሆነ የመለያውን ጽሑፍ ይከተሉ፤ ከአጨዳ በፊት የሚጠበቀውን የቀን ብዛትም ከዚያው ያንብቡ። ማሸጊያው የተከፈተ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም መለያው የተፋቀ ዕቃ አይግዙ።

መጠን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከአረጫጨት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ፍጥነት አለው። ስለዚህ መጀመሪያ በውሃ ብቻ ይለኩ። አሥር በአሥር ሜትር ይከልሉ፤ በለመዱት ፍጥነት ይርጩ፤ የወጣውን ውሃ ይለኩ። 2.2 ሊትር ከወጣ ለሄክታር 220 ሊትር ማለት ነው። ባለ 16 ሊትር የጀርባ መርጫ ከሆነ 16 ለ220 አካፍለው በ500 ሚሊ ሊትር ያባዙ፤ 36 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ተቆጥሮ፣ 125 ሚሊ ሊትር መድኃኒትና 55 ሊትር ውሃ ይፈጃል፤ ሦስት ሙሉ መርጫና ወደ ግማሽ የሚጠጋ አራተኛ። በቆርኪ መለካት ይተዉ፤ ቆርኪ ከቆርኪ ይለያያል፤ ከፋርማሲ የሚገኝ መርፌ ያለ ሹሉ ይሠራል።

መርጫውን በግማሽ ውሃ ይሙሉ፣ መድኃኒቱን ይጨምሩ፣ ያናውጡ፣ ከዚያ ውሃውን ይሙሉ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ጠዋት ይርጩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ዝናብ የሚመጣ ከመሰለ ያቆዩት። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ቦቲ ጫማ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይልበሱ። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ውሃውን መርጫው ውስጥ ይጨምሩ፤ ዕቃውን ይብሱ፣ ለውሃ መያዣ እንዳይውል።

መጠን መቀነስ የሚያቆጥብ ይመስላል። የሚሆነው ግን ደካማው ዋግ ሞቶ መድኃኒቱን የቻለው መትረፉ ነው። ሁለተኛ ርጭት ካስፈለገ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ የሌላ ቡድን ንጥረ ነገር ያለበትን ይምረጡ፤ ለምሳሌ ትሪፍሎክሲስትሮቢንና ቴቡኮናዞል የተቀላቀሉበትን።

ከርጭት በኋላ የሚታየውን ማንበብ

በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ብጉር ቢወጣ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው አይቸኩሉ። ከርጭቱ በፊት ቅጠል ውስጥ ገብቶ ወደ ማብቂያው የደረሰ ዋግ ነው። ፍርዱን በአሥረኛው ቀን ይስጡ፦ የድሮው ብጉር ደርቆ፣ ሶፍት ላይ ዱቄት ካልተወ፣ አዲስ የወጣው ቅጠል ንጹሕ ከሆነ ሠርቷል። አዲሱ ቅጠል ላይ ኤስ ብጉር ካለ ወይ ውሃው አንሶ የታችኛው ቅጠል አልረጠበም፣ ወይ መድኃኒቱ ደካማ ነው። የሞተው ቅጠል አይመለስም፤ መድኃኒት የቀረውን ያድናል እንጂ የጠፋውን አይተካም።

ማዳበሪያም መልሱን ይለውጣል። ከሚመከረው በላይ የፈሰሰ ዩሪያ ቅጠሉን ያለመልማል፣ ማሳውን ያፍነዋል፣ ጤዛው ዘግይቶ ይደርቃል፤ ቢጫ ዋግ ይህን ይወዳል። ዩሪያን ግማሹን ሲዘሩ፣ ግማሹን ሲያቆጠቁጥ መስጠት ይሻላል።

ተቋቋሚ የነበረው ኤስ ሲሆን

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ሁኔታ ይህ ነው፦ ለዓመታት አር የነበረ ዝርያ ላይ ኤስ ብጉር መታየት። ታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ ሆኗል። እንኮይ የተባለው ዝርያ በኤስአር 36 ጂን ተማምኖ እ.ኤ.አ. በ1993 እና 1994 በግንድ ዋግ ወደቀ። ኩብሳ ዋይአር 27 የሚባለውን ጂን ይዞ ሰፊ መሬት ከያዘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 በቢጫ ዋግ ተመታ። ገበሬው ወደ ዲጋሉ ዞረ፤ ዲጋሉ ቢጫ ዋግንም፣ ኡጋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የተገኘውንና ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግ ሬስም (የፈንገሱን ንዑስ ዓይነት) ይቋቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ግን ቲኬቲቲኤፍ የተባለ ሌላ ሬስ በባሌና በአርሲ አጠፋው። ሦስቱም ጊዜ አንድ ዝርያ ብዙ ማሳ ሸፍኖ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ብጉር ሲያዩ መጀመሪያ ዘሩ በእርግጥ ያ ዝርያ መሆኑን ያጣሩ፤ ድብልቅ ዘር ውስጥ የተገኙ ጥቂት የታመሙ ግንዶች የመከላከያ መፍረስ አይደሉም። ዛላውን፣ ቁመቱን፣ የገለባውን ቀለም ከጤነኞቹ ጋር ያስተያዩ። ዝርያው ራሱ ከሆነ ናሙና ይውሰዱ። ትኩስ ብጉር ያለበትን ግንድ ከነሽፋኑ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ በአንድ ፖስታ ከአንድ ማሳ በላይ አይደባልቁ። ጥላ ውስጥ ሌሊቱን ያድርቁ፤ ፀሐይ ላይ ወይም ሞቃት መኪና ውስጥ ካደረ ስፖሩ ይሞታል፣ የሞተ ስፖር ለምርመራ አይበቅልም። ፖስታው ላይ ቀን፣ ቀበሌ፣ ከፍታ፣ ዝርያ፣ የእድገት ደረጃ እና የጻፉትን ውጤት (ለምሳሌ 30ኤስ) ያስፍሩ። የተረጨ ማሳ ከሆነ ያንንም ይጻፉ።

ናሙናውን ከወረዳው የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ጋር ይላኩ። አምቦ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የግንድ ዋግን ሬስ ይለያል፤ ቁሉምሳ የስንዴ ምርምሩን ያስተባብራል፤ ደብረ ዘይት የግንድ ዋግ በየዓመቱ ስለሚበረታበት አዳዲስ ዝርያዎች የሚፈተኑበት ቦታ ነው። መልሱ እስኪመጣ ግን አይጠብቁ፤ ኤስ ብጉሩ እንደታየ በስድስተኛው ክፍል ያለውን ውሳኔ ይተግብሩ፣ አጎራባች ማሳዎችንም በዚያው ሳምንት ይፈትሹ።

ለከርሞ ዘር ሲመርጡ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ቢያንስ ሁለትና ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች ተከፋፍለው እንዲዘሩ ይነጋገሩ፤ ለየብቻቸው የተለያየ ስም ይዘው ያንኑ ጂን የሚጋሩ እንዳይሆኑ ዘሩን የለቀቀውን ማዕከል ይጠይቁ። ከአጨዳ በኋላ ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ ለከብት ያስግጡት ወይም ከዝናቡ በፊት ያርሱት።